ለአንድ ዓመት ብቻ የተሠራ ግድግዳ

ጊዜያዊ የሚባል ነገር አትመኑ፤ ዕድሜው ከቋሚው ይረዝማል። ያ የችፑድ ግድግዳ የቆመ ዕለት የወቅቱ ዳይሬክተር መምህራኑን ሰብስቦ «ለአንድ ዓመት ብቻ ታገሡን፤ አዲሱ ሕንፃ እስኪያልቅ ነው» አለ። እሱም ሄደ፤ እሱን የተኩትም በየተራቸው ሄዱ። ግድግዳው ግን እዚያው ቆሞ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ኖራ እየተቀባ፣ የስንቱን ጠጉር አሸበተ።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው መሀል፣ በአውቶቡስ ፌርማታና በጎሚስታ መካከል ተጨናንቆ የቆመ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከግቢው ሁሉ ቀድሞ የተሠራው አዳራሹ ነው ይባላል። መጀመሪያ መዝሙርና ቲያትር ይታይበት ነበር። ክፉ ጊዜ ሲመጣ የእህል መጋዘን ሆነ። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጥል ከወለሉ ስንጥቅ የስንዴ ሽታ ይወጣል የሚሉ አሉ፤ የተማሪ ካልሲ ያልሸተታቸው ሰዎች መሆን አለባቸው። ከዚያ መፈተኛ ሆነ። በመጨረሻ ተማሪው በዝቶ ዛፍ ጥላ ሥር መማር ሲጀመር፣ አናጢ ተጠርቶ አዳራሹን በችፑድ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ወገን ዘጠኝ «ሀ»፣ ሌላው ዘጠኝ «ለ» ተባለ።

ለ«ሀ» መድረኩ ደረሰው። መድረኩ ከክፍሉ በስተኋላ ስለቀረ፣ ረባሾቹ ዴስካቸውን እዚያ ላይ ሰቅለው አስተማሪዋን ቁልቁል እያዩ ይማሩ ነበር። ለ«ለ» ትልቁ በር ደረሰው። ሁለቱ ጥቁር ሰሌዳዎች ግን በዚያው በአንዱ ችፑድ ላይ፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ተቸነከሩ። ከወዲያ አንድ ሰው ጠመኔውን ጫን ብሎ መስመር ሲያሰምር ከወዲህ የተሰቀለ ካርታ ይወድቃል።

ካርታው የሚወድቅባት የጂኦግራፊ መምህርቷ ነበረች። የተጠቀለለ ካርታ ከብብቷ ስለማይጠፋ ተማሪዎቿ «ካርታ» ይሏታል። ታውቃለች፤ «ከመጥረጊያ ይሻላል» ብላ አልፋዋለች። ከወዲያ የሚያስተምረው የሒሳብ መምህሩ ነው። እሱን ደግሞ «እንግዲህ» ይሉታል፤ ያለዚያች ቃል አፉን ከፍቶ አያውቅማ። «እንግዲህ ኤክስን እንፈልግ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «እንግዲህ ኤክስ የለችም» ይላል።

የተጣሉት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የእሷ ክፍል በሳቅ ሲፈነዳ እሱ ችፑዱን በቡጢ ደበደበው። ካርታው ተገንድሶ አናቷ ላይ ወረደ፤ ተማሪው የባሰ ሳቀ። እሷም ካርታዋን ታቅፋ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ዳይሬክተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለቱን ግራና ቀኝ አስቀምጦ ሕግ አወጣ፦ የጎረቤት ክፍል ከረበሸ በጣት ሁለት ጊዜ ማንኳኳት፤ የተነገረው ወገን አንድ ጊዜ መልሶ ማንኳኳት፤ «ሰምቻለሁ፣ ዝም አሰኛለሁ» ማለት ነው። ቡጢ ክልክል ነው።

ሕጉ ያዘ። ኩርፊያውም አብሮ ያዘ። ሰው ሲጣላ ሆድና ጀርባ ሆነ ይባላል፤ እነዚህ ግን ሆድ የሚባል አልነበራቸውም፤ ጀርባና ጀርባ ነበሩ። በመምህራን ማረፊያ እሱ መስኮቱ ሥር፣ እሷ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። «ደህና አደሩ» ትላለች። «ደህና አደሩ» ይላል። አበቃ፤ አንተና አንቺ እስከ መባባል እንኳ አልደረሱም። ሁልጊዜ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ይለብሳል፤ የኮቱ ጀርባ ሁልጊዜ በኖራ የነጣ ነው። «የሚያራግፍለት ሰው የሌለው» ትል ነበር በሆዷ። የእሷንም የሚያራግፍ እንደሌለ ትረሳዋለች።

አልነበራትማ። እናቷን እስከ መጨረሻው አስታመመች፤ እናቷ ስታርፍ ቤቱ ለእሷ ቀረ። ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው፤ ሲደውል «ደህና ነሽ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸዋል። ማታ በሩን ከዘጋች በኋላ የምትሰማው የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ነው። ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ድምፅዋም አብሮ ይዘጋል፤ መስከረም ላይ መጀመሪያ ክፍል ስትገባ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ እየተንቋቋ ነው የሚወጣው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለማን ብላ?

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። (ይኸው፣ የሰውየው ቃል እኔም ላይ ተጋባች።) ከጸቡ በኋላ ባለው ዓመት ስለ ወንዝ እያስተማረች ነበር። «ወንዝ እንደ ሰው ነው» አለች። «ሕፃን ሳለ ይዘላል፣ ይጮኻል። ሲጎለምስ ያገኘውን ሁሉ ይገፋል። ሲያረጅ ግን እንደ ጡረተኛ ነው፤ ወዲያ ዞር ወዲህ ዞር ይላል፤ መድረሻውን እያወቀ መድረስ አይፈልግም።» የእሷ ተማሪዎች ጸጥ ብለው ጻፉ። ከግድግዳው ወዲያ ግን አንድ ሰው ሳቀ። የልጅ ሳቅ አልነበረም። ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች።

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ፌርማታዋን አለፈች። ለካ እዚያ ማዶ ሰው አለ። ለካ እየሰማት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመደች፤ ማን ይሙት፣ ከእሷ በቀር ማንም የማይለምደው ነገር። ተማሪ በየዓመቱ አዲስ ነው፤ ሌላው መምህር አንድ ቀልድ ይዞ ጡረታ ይወጣል። እሷ ግን «ይኼንንማ ሰውዬው ዓምና ሰምቶታል» እያለች ትምህርቱን ሁሉ በየዓመቱ ታድሰው ጀመር። ወንዙ አንድ ዓመት ሰው ሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት አውቶቡስ፣ በሌላው ዓመት የሠርግ ወሬ። እሳተ ገሞራ አንዴ የሚገነፍል ወተት፣ አንዴ የአማት ቁጣ ሆነ። ማታ ማታ ብቻዋን ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ የምትፈልገው ይህንን ነበር። «ካርታ ጋ የደገመ ተማሪ እንኳ አይሰለቸውም» ይባልላት ነበር፤ እውነት ነው። ለማን ስትል እንደምታድሰው ግን ማንም አያውቅም።

ሳቁ ግን ሁለተኛ አልመጣም። «ኩሩ ነው፣ ይዞት ነው» አለች። ዓመቱ ዓመቱን እየወለደ ሄደ።

ውሎ አድሮ ማንኳኳቱም ጠባዩ ተበላሸ። ድሮ ክፍሏ ሲንጫጫ ነበር የሚያንኳኳው። አሁን ደግሞ ተማሪዋ አንገቱን ደፍቶ ካርታ ሲስል፣ ዝንብ ስትበር በምትሰማበት ሰዓት፣ ከወዲያ ኳ ኳ ይላል። ምን ረበሽን? ተማሪዎቿ ቀና ብለው ያዩአታል። መልሳ አንድ ጊዜ ታንኳኳለች፤ ሕግ ሕግ ነው። ውስጧ ግን ይበግናል። «መኖሬም ረበሸው ማለት ነው» አለች አንድ ቀን ለብቻዋ፤ ያን ማታ ራት አልበላችም።

ዓምና ሰውየው ጡረታ ወጣ። በሽኝቱ ላይ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ጨበጠው። ተራዋ ሲደርስ «ደህና ይሁኑ» አለችው። አፏ አፏን አየና «ደህና ይሁኑ» አለ። የኮቱን ጀርባ እያየች እሱ ወጣ፤ ዛሬም ነጭ ነው። ዘጠኝ «ለ» የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆነ።

እውነቱን እንናገር፦ ያ ዓመት ገደላት። ከወዲያ «እንግዲህ» የሚል የለም፣ ካርታዋን የሚጥል የለም። አንድ ቀን ተማሪዎቿ ከወጡ በኋላ በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። የሚመልስ የለም። አፍራ ዳስተሯን አነሣችና ንጹሑን ሰሌዳ ጠረገችው።

ዘንድሮ ተአምር ሆነና አዲሱ ሕንፃ አለቀ። የአሁኑ ዳይሬክተር እሷ ያስተማረችው ልጅ ነው። ቢሮ አስጠርቶ ወንበር ሳበላት።

«ቲቸር፣ ችፑዱን በዚህ እረፍት እናነሣዋለን። አዳራሹ እንደ ድሮው አዳራሽ ይሆናል። ለምረቃው የትምህርት ቤቱን ታሪክ እርስዎ ይናገሩልን። እርስዎም በዚሁ ጡረታ እየወጡ ነው፤ ከእርስዎ የቆየ ማን አለ?»

«ምኑን ልናገር?»

«ያስተማሩትን፣ ያዩትን። ትንሽ ቀልድም ጣል ያድርጉበት። ያቺ የወንዟ አውቶቡስ…»

እሱ የአውቶቡሱ ዓመት ተማሪ ነበር። ሰው የሆነውን ወንዝ አያውቀውም፤ የሠርጉን ወሬ አያውቀውም። ያኔ ነው ነገሩ ፊቷ ላይ ድቅን ያለው። ተማሪዎቿ ሁሉ አንድ አንድ ዓመት ይዘው ሄደዋል። ዕድሜዋን ከነምኑ በሙሉ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ያላላት ባለ ነጭ ጀርባ። እሱ ካልሰማ ማንም አልሰማም። ጠይቃ ማወቅ አለባት፤ ከዚያ በፊት መድረክ ላይ ወጥታ አንዲት ቃል አትተነፍስም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱን አጠያይቃ ሄደች። በር የከፈተችላት ታላቅ እህቱ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ጋር የምትኖር፣ ወሬ የጠማት ሴት።

«ካርታ አንቺ ነሽ?» አለች ገና በብብቷ ያለውን ጥቅል ስታይ። «ግቢ፣ ግቢ እህቴ። ጓሮ ነው፤ እጠራልሻለሁ።»

ጓሮ ሲደርሱ ግን እህትየው አልተጣራችም። ሄዳ ሰውየው የተደገፈበትን የእንጨት ጠረጴዛ በጣቷ ሁለት ጊዜ መታችው። ሰውየው ቀና አለ።

መምህርቷ ክው አለች። «ለምንድን ነው እንደሱ…?»

«አይሰማማ» አለች እህትየው። «ጆሮው ከሄደ ስንት ዘመኑ። አታውቂም ነበር? እንዳያስወጡት ብሎ ደብቆ ነው ያስተማረ። ተማሪዎቹ ያውቃሉ። ‹ጥያቄ ያለው ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ› ይል የለ? የዘንድሮው ለሚመጣው እየነገረ፣ አንድም ልጅ ሳያወጣበት ኖረ። ልጅ ክፉ ነው ይላሉ፤ እነዚያ ግን ይባረኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እህትየው እናታቸው ያረፈችበትን ዓመት ጠራች። መምህርቷ በሐሳቧ ወደ ኋላ ቆጠረች። ሰው የሆነው ወንዝ ብቻ ቀደመ እንጂ አውቶቡሱ፣ ወተቱ፣ አማትየዋ፣ ሠርጉ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ፣ ይህን ሰምቶታል ያንን አልሰማም እያለች ስታወጣ ስታወርድ፣ የምትነግረው ለችፑድ ኖሯል። የተሰጣት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች ለመናገር አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት።

ሰውየው ደነገጠ። እህቱን አየ፣ እሷን አየ። ድምፁ ራሱን እንደማይሰማ ሰው ከፍ ብሎ ወጣ፦ «እንግዲህ ምን ሆኑ?»

ፊቷን ጠረገችና ከንፈሯን እንዲያይ ቀና ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ተናገረች። «ካልሰሙኝ፣ ለምን ያንኳኩብኝ ነበር? ክፍሌ ጸጥ ባለ ሰዓት። ምን አድርጌዎት?»

ሰውየው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ግድግዳ ሄደና ጀርባውን አስደገፈ፤ ትከሻውን ትንሽ አንቀሳቀሰ፣ ሰው የለመደውን ፍራሽ እንደሚፈልግ።

«እንዲህ እቆም ነበር» አለ። «ችፑዱ ይነዝራል። ሲያስተምሩ ጀርባዬ ላይ ይመጣል። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ወንዝ ይሁን ተራራ አላውቅም። መኖርዎን ግን አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ልጅ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ለኔ ሁሉም ባዶ ነው፤ ጀርባዬ ላይ ግን ሰው አለ።» ትንፋሹን ሳበ። «ዝም ሲሉ ይጠፋብኛል። ያ የቀረኝም ሄደ እንዴ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ አንኳኳለሁ። ሲመልሱ ይደርሰኛል። ዝም በሉ ማለቴ አልነበረም። አለሽ ወይ ማለቴ ነው።»

አንቺ ያላት ሳያውቀው ነው። እሷ ግን ሰምታዋለች።

«ኮቶቹን እኔ ነኝ የማጥብ» አለች እህትየው ከበሩ ሆና። «ኖራው አይለቅም። ‹ግድግዳ አትደገፍ› ብዬ አፌ ተላጠ።»

መምህርቷ የሰውየውን ጀርባ፣ ያን «የሚያራግፍለት የሌለው» ያለችበትን ዓመት ሁሉ አሰበች። ብዙ አላወሩም፤ ለማውራት አልለመዱም። ስትወጣ ከንፈሯን እያሳየችው «ሰኞ ጠዋት ያፈርሱታል» አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

ሰኞ አናጢዎቹ ማፍረሻቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ደረሰች። ዘጠኝ «ሀ» ዴስኮቹ ተወስደው ባዶውን ቀርቷል፤ ወለሉ ላይ የዴስክ እግር የፋቀው ምልክት በረድፍ በረድፍ ይታያል። መድረኩ ያለ ረባሾቹ አጭር ሆኖባታል። ሰሌዳው ገና አልተነቀለም። በወዲያኛው ወገን ትልቁ በር ሲንቋቋ፣ የተሰበረ ዴስክ ሲገፋ ሰማች። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ችፑዱ ላይ ሲያርፍ ሰማች፤ ካርታ የሚሰቀልበት ሚስማር ተንቀጠቀጠ። መጥቷል።

ጠመኔ አነሣች። «ወንዝ» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ዞረች። ከፊቷ ማንም የለም። ለመናገር አፏን ከፈተች። ድምፅዋ እንደ ክረምቱ ተዘግቷል። ለማን ትናገራለች? ከፊቷ ያለው ባዶ ወለል ነው፤ ከኋላዋ ያለው አይሰማም። አናጢዎቹ ብርጭቋቸውን ሲያስቀምጡ ተሰማ። ቆመች፤ ዝም ብላ ቆመች።

ከወዲያ በጣት ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

እጇን ወደ ኋላ ልካ አንድ ጊዜ መለሰች። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ጀርባዋን ከሰሌዳው ጎን፣ ኖራው ላይ፣ ከነጥቁር ሹራቧ አስደገፈች። የደረቱ መነሣትና መውደቅ ጀርባዋ ላይ መጣ፤ ወይም የመጣ መሰላት። ድምፅዋም እየተንቋቋ ወጣ።

«ወንዝ እንደ ሰው ነው» አለች። «ሕፃን ሳለ ይዘላል፣ ይጮኻል…»

ያንን ትምህርት ስትደግመው የመጀመሪያዋ ነበር። አንዲት ቃል ሳትለውጥ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ጡረተኛውና መድረስ እስከማይፈልገው ድረስ ተናገረችው። አናጢዎቹ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ከግድግዳው ወዲያ ማንም አልሳቀም። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈች።